የአሞራ ዘበኛ

ድሬዳዋ ውስጥ ዘበኛ የሌለው ነገር የለም። ባንኩ ዘበኛ አለው፣ መጋዘኑ ዘበኛ አለው፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ እንኳ በሩ ላይ ተቀምጦ የሚያንጎላጅ ዘበኛ አያጣም። አሞራ የሚጠብቅ ዘበኛ ግን እስከ ዘንድሮ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። የመጀመሪያው ክፍሉ ነው። ሰፈሩ በዚህ ነገር ስቆ አልጠግብ ብሏል። ጠዋት ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ከቤቱ ሲወጣ ሳይለክፈው የሚያልፍ የለም።

«ክፍሉ! ጌቶችህ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ናቸው አቦ። ስላንተ ጤና ሲጠይቁኝ ነበር» ይላል እሱ፣ ሳይቆም።

ክፍሉ ዕድሜው ወደ ስልሳ ተጠግቷል። የምድር ባቡር ልጅ ነው። አባቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጣቢያ ተቀምጠው ባቡር ገባ፣ ባቡር ወጣ እያሉ በመዝገብ ሲያሰፍሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ፉጨቱ ከሩቅ ቢሰማ፣ ሃዲዱ ቢንቀጠቀጥ እንኳ፣ ራሱ ባቡሩ ዓይናቸው ሥር ካልቆመ ብዕር አያነሱም። «የሰማኸውን አውራው፤ ያየኸውን ጻፈው» ይሉት ነበር ልጃቸውን። ክፍሉ በወጣትነቱ የሽማግሌ ወግ ነው ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዋጋውን የከፈለው በኋላ ነው።

ደቻቱን የማያውቅ ሰው የሚቀጥለው ነገር ላይገባው ይችላል። ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይነግድበታል፣ ፍየል ይተኛበታል። አንድ ቀን ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳትወርድ፣ ሰማዩ እንደጠራ፣ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ሁሉ ተንደርድሮ ይመጣል። በ1998 ክረምት፣ ያ ድሬዳዋን ያስለቀሰው ጎርፍ በመጣበት ዕለት፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከደንገጎ ተራራ ወርዶ ለክፍሉ «ላይ ክፉኛ ዘንቧል» ብሎት ነበር። ሚስቱ የኔነሽ «ይመጣል እንዴ?» ስትል ጠየቀችው። ክፍሉ ደክሞታል። ተነሥቶ፣ በር ከፍቶ፣ ሃያ እርምጃ ሄዶ ወንዙን አላየም። «አይመጣም፤ ተኚ» አላት። አመነችውና ተኛች። ውሃው ግድግዳውን ይዞ ሲሄድ እሱ የመስኮት ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ተረፈ። የኔነሽን በሦስተኛው ቀን አሸዋ ውስጥ አገኟት።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ዓይኑ ያላረፈበትን ነገር በአፉ አይናገርም። የሰፈሩ አፎሻ ድግስ ሲኖርበት፣ ማለት ሙስሊም ክርስቲያኑ ተባብሮ የሚዳርበትና የሚቀብርበት ማኅበር፣ «ሩዙ ደርሷል?» ተብሎ ቢጠየቅ ድስቱን ከፍቶ ሳያይ አዎ አይልም። ሰዉ ይቀልድበታል፤ ግን «ክፍሉ አይቻለሁ ካለ አይቷል» ብሎ ክርክሩን የሚዘጋውም ያው ሰው ነው።

ስለዚህ የጎርፍ መከላከያው ግንብ ሲጀመር ከሁሉም ቀድሞ «አሜን» ያለው ክፍሉ ነው። ግንቡ ሁለት ዓመት ተኩል ተሠራ። ከላይም ከታችም መጥቶ መጥቶ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ ልክ ከክፍሉና ከጎረቤቱ ከፋርቱን ቤት ፊት ለፊት፣ ሃያ ሁለት ሜትር ሲቀረው ቆመ። ያቆመው አንድ ትልቅ ሾላ ነው። ሾላውን እንዳይቆረጥ ያደረገው ደግሞ ጫፉ ላይ ያለ የጭራሮ ጎጆ፣ ጎጆው ውስጥም አንዲት ጫጩት።

ነገሩን ያመጣው ናሁሰናይ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንገቱ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር ተንጠልጥሎ ይውላል። ለግንቡ ገንዘብ ያበደረው ድርጅት የአእዋፍ ባለሙያ ይኑር ብሎ ስላዘዘ መጣ፤ መጥቶም ሾላውን ቀና ብሎ አየና እንደ ሎተሪ የደረሰው ሰው ጮኸ። ባለቆብ ጥንብ አንሳ ነው አለ፤ ከዓለም ሊጠፉ ከተቃረቡት አንዱ።

«ተማሪ ሆኜ እዚህ ቄራው ጋ ስቆጥር መቶ ሃያ ነበሩ፣ ጋሽ ክፍሉ» አለው። «ዘንድሮ ዐሥራ አንድ ናቸው። ለውሻ የሚጣል መርዝና የኤሌክትሪክ ሽቦ ጨረሳቸው። ጥንዶቹ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የሚጥሉት። ይቺ አንዷ ናት።»

ክፍሉ ልጁን ወደደው። አንቱ ስላለው አይደለም፤ ድሬ አንቱታን ከእንግዳ እንጂ ከራሷ ሰው አትጠብቅም። ቆጥሮ ስለተናገረ ነው።

መመሪያው በወረቀት ወረደ። ከሾላው ዙሪያ ስልሳ ሜትር ገመድ ይወጠራል፤ ጫጩቷ በርራ እስክትሄድ ማሽን ገመዱን አያልፍም። የሚታመን የሰፈር ሰው ዘበኛ ሆኖ በየቀኑ በደብተር «አለች» ወይም «የለችም» ብሎ ያሰፍራል፣ ይፈርማል። ለሦስት ተከታታይ ቀን «የለችም» ከተባለ ገመዱ ይነሣና ግንቡ ይዘጋል። የሚታመን ሰው ማነው ሲባል ሰፈሩ በአንድ አፍ ክፍሉን ጠራ። መጋቢት ነበር፤ ክረምቱ ሩቅ ነው። ጫጩቷም በግንቦት መጨረሻ ትበራለች ተባለ። ማንም አልተጨነቀም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ መጨነቅ የጀመረችው ፋርቱን ናት። ፋርቱን ሃምሳ አልፏታል፤ ያለ ባል ሁለት ልጅ ያሳደገች፣ ድምፅዋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ሴት ልጇ ዱኒያ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጥታለች። መውለጃዋ ሰኔ ነው። ፋርቱን ሃያ ሁለቱን ሜትር በዓይኗ ለካች፣ የልጇን ሆድ አየች፣ ቀና ብላ ጫጩቷን አየች።

«ክፍሉ፣ ይቺ ልጅ ከስታለች» አለች። «ያልበላ ሰው እንኳን ሊበር አይራመድም። እንመግባታለን።»

ክፍሉ መመሪያውን አወጣና ከላይ እስከ ታች አነበበ። ድንጋይ አትወርውሩ ይላል፤ አትጩኹ ይላል፤ ዛፉ ላይ አትውጡ ይላል። አትመግቡ የሚል የለም። እንግዲህ ድሬ ናት፤ ደጃፍዋ ላይ የቆመን ፍጡር ሳታበላ መሸኘት አታውቅበትም። በዚያ ላይ ዐረፋ ግንቦት ውስጥ ዋለ። ያረደ ሁሉ ሳንባውን፣ ጨጓራውን፣ ሥጋ ያልተለየውን አጥንት በሳፋ እያመጣ ለክፍሉ ሾላው አጠገብ ከተሠራችው የዘበኛ ቤት ቆርቆሮ ላይ ይደፋ ጀመር። ወላጆቹ አሞራዎች እየወረዱ ይለቅማሉ፣ እየወጡ ጫጩቷን ያጎርሳሉ። ሰፈሩ «ሙሽሪት» አላት፤ እየተቀለበች የማትንቀሳቀስ ስለሆነች። ወንድ ትሁን ሴት የጠየቀ የለም። ክፍሉ ራሱ ከቄራ ጉበት ይዞ የመጣበት ቀን አለ። ተሳስቶ ነበር፤ ግን በደስታ ነው የተሳሳተው።

ከዐረፋ በፊት ሙሽሪት ቅርንጫፍ ላይ ወጥታ ክንፏን ታራግብ ነበር። ከዐረፋ በኋላ ተወችው። ግንቦት አለቀ፤ «አለች»። ሰኔ ገባ፤ «አለች»። ናሁሰናይ በሰኔ መጀመሪያ ሲመለስ ቆርቆሮው ላይ የተደፋውን አጥንት፣ የተሰበሰበውን የአሞራና የውሻ መንጋ አየና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ማነው የሚመግባት?»

«ሁላችንም» አለች ፋርቱን በኩራት።

«እማማ፣ የጠገበ ጫጩት ለምን ብሎ ይበራል? እናትየው እኮ ሥጋውን ከሩቅ እያሳየች፣ እያስራበች ነው የምታስወጣት! ከሳምንት በፊት ትሄድ ነበር። አሁን ምን ያህል እንደምትቆይ እኔም አላውቅም።»

ፋርቱን ሳፋዋን አነሣችና ወደ ቤቷ ገባች። በገዛ እጃቸው፣ በገዛ ደግነታቸው፣ ክረምቱን ሰፈራቸው ላይ እንደጠሩት ያን ዕለት ሁሉም ገባው። ክፍሉ ደግሞ ያመጣው ጉበት ትዝ አለውና አፈረ።

መመገቡ ቆመ፤ ሙሽሪት ግን አልሄደችም። ጠዋት ጠዋት ወደ ቆርቆሮው አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች። ናሁሰናይ ሰዎቹ ለጊዜው ከሰፈሩ ይነሡ፣ ድንኳን ይሰጣቸው ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከልቡ ነው የጻፈው። ድንኳኑ ይመጣል ተባለ። ትምህርት ቤቱ መጠለያ ሆኖ እንዳይሰጥ የፈተና ሰሞን ሆነ። ናሁሰናይም ደብዳቤውን ራሱ ሊያስጨርስ አዲስ አበባ ተመለሰ። የግንቡ ኢንጂነር፣ ዕዝራ የሚባለው፣ በየቀኑ እየመጣ ከገመዱ ማዶ ይቆማል።

«ክፍሉ፣ ዛሬስ?»

«አለች።»

«እስኪ ደህና አድርገህ እይ።»

«አይቼ ነው።»

ዕዝራ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል፣ ከላይ ይጮኹበታል፣ ሰማዩንም ያያል። አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሦስት ቃል ነው እኮ። ሦስት ቀን፣ ሦስት ቃል» አለው። ክፍሉ ደብተሩን በብብቱ ሸጎጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ክፍሉ ሞኝ አልነበረም፤ ግን አንዴ ያላየውን ተናግሮ ቤቱን ቀብሯልና እጁ እምቢ አለው።

ሰፈሩ መቀለድ አቆመ። «ጌቶችህ እንዴት አደሩ» የሚለው ሰው ጠፋ፤ ሰላም የሚለውም አነሰ። በአፎሻው ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ «ከእኛ ልጆችና ከአሞራ ልጅ የማን ይበልጥብሃል?» ብሎ ፊት ለፊት ጠየቀው። ክፍሉ «የእናንተ» አለ። «ታዲያ?» ሲባል አቀርቅሮ ደብተሩን አየ። ዱኒያ በዚያው ሳምንት ወንድ ልጅ ወለደች። ክፍሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ቢሄድ ፋርቱን በሩ ላይ ተቀብላ «ተኝታለች» አለችው፤ ግባ አላለችውም። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሲሆኑ ግባ ያላለችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኔ ዐሥራ አራት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ከተማው የጫት በርጫ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ውሻ አያስኬድም፣ ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና የለችም። የክፍሉ ስልክ ጮኸ። ደንገጎ ላይ ለሹፌሮች ሻይ የሚሸጠው ዐብዲገኒ ነው፤ ከክፍሉ ጋር ደመና ካየ ሊደውልለት ቃል አላቸው።

«ወራያ ክፍሉ! እዚህ በረዶ ነው የሚወርደው፣ ወላሂ መንገዱ አይታይም! ውጡ በላቸው፣ አሁን!»

ክፍሉ ከዘበኛው ቤት ደጃፍ የተሰቀለውን የሃዲድ ቁራጭ በብረት ይቀጠቅጠው ጀመር። ሰፈሩ ከየበርጫው፣ ከየመኝታው እየተነሣ ልጅ ታቅፎ፣ ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ዳገቱ ሮጠ። አሁን ግን በመደወል ብቻ አልቆመም። ሃያ እርምጃ ሄዶ ወንዙን አየ። አሸዋው ደረቅ ነው። ጠበቀ። አሁንም ደረቅ ነው። ከዚያ ከላይኛው መታጠፊያ ቡናማ ነገር ብቅ አለ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ፣ የዛፍ ግንድ እየገፋ፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በሰው ሩጫ። ግንቡን ከግራና ከቀኝ እየደበደበ መጣና ክፍቱን ሃያ ሁለት ሜትር ሲያገኝ ሁሉም በዚያ ገባ።

ክፍሉ ሲዞር የፋርቱን በር ዝግ ነው። ፋርቱን ገበያ ሄዳለች። ዱኒያ የዘጠኝ ቀን አራስ ናት፤ ደወሉን ሰምታ ተነሥታ ራሷን ስታ ወድቃ እንደነበር የተናገረችው በኋላ ነው። በሩን በትከሻው ገፍቶ ሲገባ ውሃው ከጉልበቱ በላይ ደርሷል። ዱኒያ ቁምሳጥኑን ተደግፋ ቆማለች፤ ሕፃኑን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች።  አትጮህም። ክፍሉን ስታይ «ያዘው» ብቻ አለች።

ያዘው። ግን ሁለቱን ይዞ በዚያ ውሃ መውጣት የሚችልበት ጉልበት የለውም፤ ስልሳ ዓመት ስልሳ ዓመት ነው። በመስኮቱ ሲያይ ከገመዱ ማዶ ኤክስካቫተሩ ላይ የተቀመጠውን ሚክዳድን አየው። ሚክዳድ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ሞተሩን አስነሥቶ ገመዱ ጋ ቆሟል። ሦስት ወር ሙሉ ያንን ገመድ እንዳያልፍ ሲነገረው ስለኖረ፣ አሁንም እግሩ ፔዳሉ ላይ ሆኖ የክፍሉን ዓይን ይጠብቃል።

«ሚክዳድ! እለፈው! በጥሰህ እለፍ!»

ገመዱ ተበጠሰ። ማሽኑ ጎርፉን እየከፈለ፣ በሾላው ሥር አልፎ መጣና አካፋውን መስኮቱ ሥር አቀረበ። መጀመሪያ ዱኒያ ገባች፣ ከዚያ ክፍሉ ሕፃኑን ይዞ። አካፋው ከፍ ሲል ክፍሉ ከጎጆው ጋር ትይዩ ሆነ። ሙሽሪት ከአምስት ሜትር ርቀት አየችው፤ አልበረረችም። አንገቷን አስግጋ አፏን ከፈተችለት።

የዚያን ቀን ጎርፍ ትንሽ ነበር፤ የክረምቱ የመጀመሪያ። የፋርቱንን የጓሮ ግድግዳና አራት ፍየል ወሰደ፤ ሰው አልወሰደም። ማታ ፋርቱን ወደ ዘበኛው ቤት መጣች። ክፍሉ ደብተሩን ገልጦ ተቀምጧል፤ የዕለቱ መስመር ባዶ ነው። ትጮኽብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ዝግ ብላ ተናገረች።

«ክፍሉ፣ ወንድሜ። ውሸት ጻፍ አልልህም። የኔነሽን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልህም። ዛሬ በዓይንህ ያየኸውን ብቻ ጻፍ።»

ክፍሉ ደብተሩን አየ። ያየው የዱኒያን ሁለት እጆች ነው። ደብተሩ ላይ ግን «አለች» እና «የለችም» የሚሉ ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው አንድ ያልታየ ነገር ተናግሮ ሰው ከሞተ፤ አሁን የታየ ነገር ቢጽፍ ሰው ሊሞት ነው። ይህን ለማን ይናገሩታል? ብዕሩን አነሣና «የለችም» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። ፋርቱን ወጣች።

ሦስት ቀን መቆየት ነበረበት፤ ሦስቱ ቀን ከሃያው ዓመት ረዘሙበት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውሸቱን እውነት ሊያደርገው ወጣ። ሾላው ሥር ቆሞ ቆርቆሮ ደበደበ። ድንጋይ ወረወረ። ረዥም ቀርከሃ አምጥቶ ቅርንጫፉን ነቀነቀ። «ሂጂ! ሂጂ እንጂ አንቺ!» እያለ ጮኸ፤ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ሙሽሪት ከጎጆው ወጥታ ወደ ቅርቡ ቅርንጫፍ ወረደች። ጉበት ያመጣላትን ሰው ለይታዋለች። ክፍሉ ቀርከሃውን ጣለና ዘበኛው ቤት ገብቶ አለቀሰ። ሁለተኛውን «የለችም» ያን ቀን ጻፈ፤ ሦስተኛውን በማግስቱ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ሰፈሩ ቀና ብሎ ማየት ተወ። የታዘዘ የለም፣ የተማከረ የለም፤ ግን ከሽማግሌ እስከ ልጅ በሾላው ሥር የሚያልፍ ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ ያልፋል። ዕዝራ መጥቶ ደብተሩን ተቀበለ፣ ሦስቱን መስመር አነበበ፣ ከሥራቸው ፈረመ። እሱም ቀና አላለም።

ዛፉን የቆረጡት በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሾላው ሲያዘነብል ሙሽሪት ክንፏን ዘረጋች፤ ክፍሉ ለአንድ አፍታ በእርግጥ የምትሄድ መስሎት ነበር። ግን ያን ክንፍ አንድ ቀን እንኳ አየር ላይ ሞክራው አታውቅም። ከቅርንጫፉ ጋር አብራ ወረደች። ሲደርስባት ሞታለች። ሚክዳድ ሞተሩን አጠፋ።

«ክፍሉ፣ ልቁም?»

ክፍሉ ደመናውን አየ፤ ደንገጎ ጠቁሯል። «አትቁም» አለው። በእጁ አንሥቶ ለመሠረቱ ከተቆፈረው ጉድጓድ ጥግ አስቀመጣት፣ አፈር መለሰባት። ከላይዋ በሽቦ ቅርጫት የታጨቀ ድንጋይ ተደረደረ። ሁለቱ ወላጆች አሞራዎች ሾላው በነበረበት ላይ ሁለት ቀን ዞሩ። ሦስተኛው ቀን አልመጡም።

ሃያ ሁለቱ ሜትር በዐሥራ ሁለት ቀን አለቀ፤ እንደዚያ ሲሠራ ታይቶ አይታወቅም። ሐምሌ አንድ ቀን ትልቁ ጎርፍ መጣ። ሰፈሩ ዳገት ላይ ቆሞ ቁልቁል አየው፤ ውሃው ከግንቡ ጫፍ ሁለት ስንዝር እስኪቀረው ሞልቶ፣ እያገሣ፣ መታጠፊያውን ታጥፎ አለፈ። አንድ ቤት አልነካም። እልልታው ቀለጠ። ፋርቱን ሕፃኑን አምጥታ ክፍሉ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ሕፃኑ ከብዶታል፣ ሞቋል፣ ወተት ወተት ይሸታል። ክፍሉ ያደረገውን ሁሉ እንደገና ቢጠየቅ እንደገና እንደሚያደርገው ያን ጊዜ አወቀ። ደስ ግን አላለውም።

ናሁሰናይ በሐምሌ አጋማሽ ከአዲስ አበባ መጣ። የድንኳኑ ደብዳቤ ተፈርሞለት ይዞት ነበር። ዕዝራ ደብተሩን ልኮለታል፤ አንብቦ በደስታ እንቅልፍ አጥቶ ማደሩን ተናገረ። ለክፍሉ በፍሬም የተሠራ ምስክርነት አምጥቷል፤ ላዩ ላይ የጥንብ አንሳ ሥዕል አለ፣ «ለታማኝ አገልግሎት» ይላል። ሰፈርተኛው በግንቡ ሥር ተሰብስቦ አጨበጨበ። አስጨብጭቦ ሲጨርስ ናሁሰናይ ክፍሉን ወደ ጎን ወሰደውና ትንሿን ማስታወሻውን አወጣ። ፋርቱን ሕፃኑን እንዳዘለች አጠገባቸው ቆማለች።

«ጋሽ ክፍሉ፣ ይቺን ብቻ ይንገሩኝ። ስትበር በዓይንዎ አይተዋታል?»

ፋርቱን የሕፃኑን አንቀልባ አጠበቀች። እውነቱ ከወጣ አበዳሪው ገንዘቡን ይይዛል፤ ከታች ያለው ሰፈር ግንብ ገና መቶ ሜትር ይቀረዋል። እዚያም አራስ አይጠፋም።

«አይቻታለሁ» አለ ክፍሉ።

«ወዴት በኩል?»

«ወደ ጀልዴሳ።»

ናሁሰናይ ጻፈ። ከዚያ የክፍሉን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ «እንግዲያውስ ነገ ወርጄ እፈልጋታለሁ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ወረደ። አራት ቀን ሙሉ በጀልዴሳ ሜዳ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከብት አርቢውን ሁሉ እየጠየቀ፣ መነጽሩን እያነሣ እየጣለ ሲፈልጋት ዋለ። በአምስተኛው ቀን ደወለ፤ ድምፁ ሰልሏል።

«ጋሽ ክፍሉ፣ አላገኘኋትም። እስኪ በደንብ ያስታውሱ። በእርግጥ ወደ ጀልዴሳ ነበር?»

ክፍሉ ስልኩን በጆሮው እንደያዘ ሾላው የነበረበትን ቦታ አየ። አንድ ቃል ቢናገር ልጁ ዛሬውኑ ወደ ቤቱ ይመለስና ያርፍ ነበር።

«ሳስበው» አለ በመጨረሻ፣ «ወደ ዋሂል ሳይሆን አይቀርም።»

«ተባረኩ» አለ ናሁሰናይ፤ መኪና ተሳፍሮም ወደ ዋሂል ሄደ።